ድሬዳዋ፦ የውሃ፣ የትንኝና የጎርፍ ስጋትን ለነዋሪና ለተማሪ ማስረዳት

ድሬዳዋ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ የባቡር ከተማ ናት። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከተራሮች ግርጌ በመቀመጧ ሙቀቷ ለትንኝ ይመቻል፣ ሜዳዋም ለጎርፍ ይጋለጣል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ ሰፈር ይሰማሉ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትም እንደየትምህርት ቤቱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ይሰጣል። የጤና ማስጠንቀቂያ ሲዘጋጅ የመጀመሪያው ጥያቄ ቋንቋ የሚሆነው ለዚህ ነው። ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ይዘቱ ነው፤ ለሌላ አካባቢ የሠራ ምክር እዚህ ሲደገም ያሳስታልና።

ስለ ትንኝ ለብዙ ዓመታት የተሰጠው ትምህርት ሁለት ነገር ያዝዝ ነበር፦ ያቆረ ውሃ አፋስሱ፣ ማታ አጎበር ውስጥ ተኙ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የዴንጊ ትኩሳት ከተማዋን ሲመታ ይህ አልበቃም። በ2011 መጨረሻ ጀምሮ ወደ 2012 የተሻገረው የቺኩንጉኒያ ወረርሽኝም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አልጋ ላይ ጣለ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው ትንኝ ቀን ትነክሳለች፣ በተለይ በማለዳና ከፀሐይ መጥለቅ በፊት። የምትፈለፈለውም ንጹሕ ውሃ በያዘ በርሜል፣ ክዳን በሌለው ሮቶ፣ በተጣለ ጎማ ውስጥ ነው።

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «ውሃ አታጠራቅሙ» ማለት ሰሚ አያገኝም፤ ባያገኝም አይፈረድበትም። የሚቻለው በርሜሉን በደንብ መክደንና በየሳምንቱ ደፍቶ ግድግዳውን በብሩሽ መፈግፈግ ነው። የኤደስ እንቁላል ከዕቃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ያለ ውሃ ወራት ስለሚቆይ መድፋቱ ብቻ አይበቃም። ሳምንት የተባለውም በሙቀት ጊዜ እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ስለሚፈጅበት ነው። ምክንያቱ የተነገረው ሰው ቀኑን አይዘነጋም።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በደረቁ ወቅት ወባ በከተማዋና በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማደሪያ ተስፋፋ። ጥናቶች አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከምትባል የወባ ትንኝ ጋር አያይዘውታል፤ ይህች ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየችው በ2009 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ሲሆን፣ እሷም የምትራባው በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ወባን ከረግረግ ጋር ብቻ ያያያዘ ትምህርት እዚህ ላይ ጎደለ። ወባ ስላለ አጎበሩ አልተሻረም፤ ዴንጊን ግን ብቻውን አይከላከልም። ሁለቱን ሳያምታቱ መናገር የባለሙያው ፈተና ነው።

በትምህርት ቤት የጠዋት ሰልፍና ሚኒ ሚዲያ መልእክቱን ያደርሳሉ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ከበርሜል የተቀዳ እጭ በብርጭቆ ሲታይ፣ የኤደስ እጭ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፣ የአኖፊለስ ግን በውሃው ገጽ ላይ ተጋድሞ ይተኛል። ይህን ያየ ልጅ ቤቱ ሲደርስ ክዳን ይከፍታል። ታላቅን ማዘዝ ግን የልጅ ወግ አይደለም፤ «እማማ፣ ኑ እዩት» ብሎ ማሳየት እንጂ። የእጭ ማጥፊያ ኬሚካልም የጤና ሠራተኛ ሥራ ነው፣ ለልጅ አይሰጥም።

ጎርፍ ሌላ ዓይነት መልእክት ይፈልጋል። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ግን ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ውሃው የሚመጣው ከደቡቡ ደጋ ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። ልጆች መማር ያለባቸው ከራሳቸው በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን ተራራውን ማየት ነው። ሌሊት ደግሞ ሬዲዮም ስልክም ስለሚዘጋ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይበልጥ ይሰማል።

ከሁሉ ያነሰ የሚነገርለት ናይትሬት የሚባለው፣ በውሃ ውስጥ የሚሟሟ ኬሚካል ነው። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ሲሆን፣ በአንዳንድ ጉድጓዶች ከመጸዳጃ በሚሰርግ ፍሳሽ የተነሳ የናይትሬት መጠኑ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው የለመድነው ምክር አይሠራም፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያስወግድም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ያጠነክረዋል። የጡጦ ወተት በውሃ ለሚበጠበጥላቸው ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት በዋናነት አደገኛ ነው፤ ለእነሱ ሌላ የውሃ ምንጭ መፈለግ ያሻል።