አንድ ኮከብ ተቀባይ ማጥቃቱን ይጎዳል?
በአሜሪካ ፉትቦል «ታርጌት» ማለት ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ወደ አንድ ተቀባይ የወረወረው ኳስ ብዛት ነው፤ ተያዘም አልተያዘም ይቆጠራል። ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ብዙዎች «ቡድኑ በአንድ ሰው ላይ ተንጠልጥሏል» ይላሉ። ቁጥሩ ብቻውን ግን ያን አይነግረንም።

በ2012 የዲትሮይቱ ተቀባይ ካልቪን ጆንሰን በያዛቸው ኳሶች 1,964 ያርድ (የርቀት መለኪያ) በማግኘት የውድድር ዘመን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ቡድኑ ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው 4 ብቻ ነበር። በ2021 ደግሞ የራምስ ቡድኑ ተቀባይ ኩፐር ከፕ 1,947 ያርድ ሲያገኝ ቡድኑ የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ወሰደ።

ልዩነቱ ያለው ተከላካዮች በሚሰጡት ምላሽ ላይ ነው። ኮከቡን ሁለት ሰው ሲይዘው ሌላ ቦታ አንድ ሰው ይጎድላል። ያን ክፍተት የሚጠቀም ሁለተኛ ተቀባይ ወይም ኳስ ይዞ የሚሮጥ ጥሩ ሯጭ ካለ፣ ኮከቡ ኳስ ሳይነካ እንኳ ቡድኑን ይጠቅማል። ጉዳቱ የሚመጣው ኳርተርባኩ ሌላውን ሳያይ ዓይኑን እሱ ላይ ሲተክል ነው፤ ያኔ ኳሱ ይጠለፋል፣ ወይም ኳርተርባኩ ኮከቡን ሲጠብቅ ራሱ በተከላካዮች ይጣላል። ስለዚህ እኔ ከታርጌቱ ይልቅ የማየው፣ ኮከቡ በሁለት ሰው ሲከበብ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ነው።