የማን ልጅ ነህ?

ልጅ ሆኜ በጨርቅ ኳስ የጎረቤት መስኮት ሰብሬ አውቃለሁ። የጨርቅ ኳስ መስታወት ይሰብራል ወይ ትሉ ይሆናል። መሀሉ ድንጋይ ከተከተተበት ይሰብራል። ጓደኞቼ በአንድ አፍታ ብትንትናቸው ወጣ። እኔ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። የቤቱ ባለቤት ወጡና ጆሮዬን ይዘው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «የማን ልጅ ነህ?»

እኛ ሀገር ያደገ ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ስምህን አይጠይቁህም። የአንተ ስም ምን ያደርግላቸዋል? ዝም አልኩ። ዱላ ፈርቼ ብቻ አልነበረም። የአባቴ ስም እዚያ ስብርባሪ መሀል እንዲጠራ አልፈለግኩም።

ወሬው ለካ ቀድሞ ቤት ደርሷል። አባቴ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር መጣ። ሰውየውን ሰላም አላቸው። እኔን አላየኝም። «የእኔ ልጅ ነው» አለ። ከዚያ ኪሱ ገብቶ የመስታወቱን ዋጋ ከፈለ። ደመወዝ ገና ሩቅ ነበር፣ ያን ሳምንት ቤታችን ሻይ ያለ ስኳር ተጠጣ። ቤት ስንገባ ተቆጣኝ፣ እሱን አልደብቃችሁም። ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን ቁጣው አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እየሰማ «የእኔ ልጅ ነው» ያላት ቃል ናት።

አባቴ «እወድሃለሁ» ብሎኝ አያውቅም። የብዙዎቻችሁም አባት እንዲሁ ይመስለኛል። ስደውልለት ወሬያችን አንድ ደቂቃ አይሞላም። «ደህና ነህ? በላህ? በል እናትህ ታናግርህ።» በቃ። ወጣት ሳለሁ ይህ ያናድደኝ ነበር። አሁን «በላህ?» የምትለዋን ቃል በደንብ መስማት ጀምሬያለሁ።

ደግሞ ስማችንን አስቡት። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ የሚባል ነገር የለንም። ከስማችን ቀጥሎ የሚመጣው ያው የአባታችን ስም ነው። በቀበሌ መታወቂያ፣ በባንክ ደብተር፣ በፈተና ወረቀት ሁሉ ይዘነው እንዞራለን። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ መሥሪያ ቤት ውስጥ በአባታቸው ስም ይጠራሉ። አንዳንዱ መጀመሪያ ሰሞን ዞር ብሎ አባቱን ሊፈልግ ይቃጣዋል። ይህን ስም ማናችንም በውጤት አላገኘነውም። ስንወለድ ጠበቀን።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ «በሰማይና በምድር ያለ አባትነት ሁሉ ከሚሰየምበት ከአብ ፊት እንበረከካለሁ» ይላል (ኤፌ. 3፥14-15)። ልብ በሉ፣ እግዚአብሔርን አባት ያልነው ከምድር አባቶቻችን ቃል ተውሰን አይደለም። የተዋሱት እነሱ ናቸው። የእኔ አባት ያን ቀን የሰፈር ሰው ፊት ሲቆም፣ ሳያውቀው የሌላ አባት ነገር እያሳየኝ ነበር።

አሁን ወደ ጠፋው ልጅ ታሪክ እንሂድ (ሉቃ. 15)። ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! እኔን የያዘኝ ግን አንዲት ቃል ናት። ልጁ በሩቅ አገር እሪያ እየጠበቀ ሲራብ ንግግር ያዘጋጃል፦ «ወደ ፊትም ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ።» ልብ አድርጉ፣ «ልባል» ነው የሚለው። ልጁ የሚያፍረው በስሙ ነው። አባቱ በቁሙ እያለ ድርሻውን ተቀብሏል። በኦሪቱ ሕግ በኩር እጥፍ ስለሚወስድ (ዘዳ. 21፥17) የእሱ ድርሻ ሲሶው ሳይሆን አይቀርም። ያንን በትኖ ሲያበቃ «የማን ልጅ ነህ?» ቢሉት ምን ይመልሳል? ስለዚህ ስሙን ትቶ ደመወዝ ይጠይቃል።

አባትየው ግን ገና ሩቅ ሳለ አየውና ሮጠ። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲሮጥ ብታዩ ምን ትላላችሁ? ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ሰው ሞቷል። እውነትም በዚህ ቤት ሰው ሞቶ ነበር፤ አባትየው ራሱ «ይህ ልጄ ሞቶ ነበርና» ብሏል። ልጁ ያጠናውን ንግግር ይጀምራል። 19ኛውን ቁጥር ከ21ኛው ጋር አስተያዩት። «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የምትለዋ የለችም። አባትየው አላስጨረሰውም። ልብስ አምጡ፣ ቀለበት፣ ጫማ አለ። ቀጥሎም «ይህ ልጄ»። ሁሉም እየሰማ።

ታላቁ ልጅ ደግሞ አለ። እሱ ከቤት አልወጣም፣ ነገር ግን «እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ» ይላል። በዚያ ሁሉ ንግግሩ አንድ ጊዜ እንኳ «አባቴ» አላለም። ወንድሙንም «ይህ ልጅህ» ነው ያለው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለኖርን ሰዎች ይሄኛው ይበልጥ የሚቀርበን ይመስለኛል። ጾመን፣ አገልግለን፣ አሥራት አውጥተን ሂሳብ እንይዛለን። አባቱ ግን እሱንም «ልጄ ሆይ» አለው።

«የእኔ ልጅ ነው» ማለት ያስከፍላል። የእኔ አባት የስኳር ገንዘቡን ከፈለ። ጴጥሮስ ስለ እኛ ሲናገር የተዋጃችሁት በብር ወይም በወርቅ አይደለም፣ በክርስቶስ ክቡር ደም ነው ይላል (1 ጴጥ. 1፥18-19)። ዮሐንስም ይህንኑ እያሰበ ይሆናል እንዲህ የጻፈው፦ «የእግዚአብሔር ልጆች ተብለን ልንጠራ አብ እንዴት ያለውን ፍቅር እንደ ሰጠን እዩ» (1 ዮሐ. 3፥1)።

ይህን ስጽፍ የማስባቸው ሰዎች አሉ። አባታቸውን የማያውቁ፣ በአያታቸው ወይም በአጎታቸው ስም የሚጠሩ። አባት ሲባል የሚመጣባቸው የሰካራም እግር ኮቴ የሆነባቸውም አሉ። ለእነሱ «እግዚአብሔር እንደ አባትህ ነው» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። በችኮላ አትበሏቸው። መዝሙረኛው አልተቻኮለም፤ ቁስሉን መጀመሪያ በስሙ ጠራው፦ «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ» (መዝ. 27፥10)። የተዋቸው አባት የእግዚአብሔር መለኪያ አይደለም። ናፍቀው ያጡት ነገር ግን በሰማይ ባለቤት አለው።

ባለፈው ሳምንት ለአባቴ ደወልኩለት። አሁን አርጅቷል፣ ጆሮውም ትንሽ ደክሟል። እንደ ምንም ብዬ ወሬውን ወደዚያ መስኮት አመጣሁት። ያኔ ስለከፈለልኝ ላመሰግነው ፈልጌ ነበር።

«የቱ መስኮት?» አለኝ።

ነገርኩት። ኳሱን፣ ሰውየውን፣ ጆሮዬን። ትንሽ ዝም አለ።

«አላስታውስም» አለ። «በላህ ግን?»

በልቻለሁ አልኩት።

«በል እናትህ ታናግርህ።»