ሴል ሶርተርና ማይክሮስኮፕ፦ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

የምሠራው ለተመራማሪዎች የጋራ በሆነ የመሣሪያ ማዕከል ውስጥ ነው። አንድ ላቦራቶሪ ለብቻው ሊገዛቸው የሚከብዱት ሴል ሶርተሮች (የሚፈለገውን ሴል ከሌላው የሚለዩ ማሽኖች) እና ማይክሮስኮፖች አንድ ቦታ ተቀምጠዋል፤ ሰው ቀጠሮ ይዞ፣ በሰዓት እየከፈለ ይጠቀምባቸዋል። በጣም የሚያሳዝነኝ፣ ሳምንታት የለፋበትን ናሙና ይዞ የመጣ ተማሪ ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት ነው። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ደህና ነው። ችግሩ ይዞት የመጣው ግምት ነው።

«ናሙናውን ልስጣችሁ፣ የቀረውን ማሽኑ ይጨርሰዋል»

አይጨርሰውም። ሶርተሩ ውስጥ ሴሎች በቀጭን የፈሳሽ ጅረት ተሰልፈው አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ። ከዚያ ጅረቱ በንዝረት ወደ ጠብታ ይቆራረጣል፤ የምንፈልገውን ሴል የያዘው ጠብታ ኤሌክትሪክ ቻርጅ ይሰጠውና ወደ ጎን ተስቦ ቱቦ ውስጥ ይወድቃል። ሐሳቡ ቀለም ከሚረጭ ማተሚያ የተወሰደ ነው። ማክ ፉልዋይለር በ1965 እ.ኤ.አ. ሴሎችን በመጠናቸው ለየበት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የስታንፎርዱ የሌናርድ ሄርዘንበርግ ቡድን ፍሎረሰንስን፣ ማለትም ሌዘር ሲያርፍበት በሚያበራ ቀለም መለየትን፣ ጨመረበት።

ፈሳሹ የሚወጣበት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 70 ወይም 100 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። እርስ በርሱ የተጣበቀ የሴል ጓል ሲመጣ ይደፍነዋል፣ ጅረቱ ይጣመማል፣ ጠብታው ከቱቦው ውጭ ይወድቃል። ስለዚህ ልክ ከመጀመራችን በፊት በ35 ወይም በ40 ማይክሮሜትር ወንፊት አጥልሉት። ትናንት አጥልያለሁ ማለት አይሠራም፣ ሴል ሲቀመጥ እንደገና ይጣበቃል።

ሌላው ኮንትሮል፣ ማለትም የማነጻጸሪያ ናሙና፣ ነው። ማሽኑ የእናንተን ሴል አያውቀውም፤ የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው። የቀለሞቹ ብርሃን ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ይፈሳል። ምንም ያልተቀባ ናሙና፣ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው የተቀባ ናሙና፣ የሞተ ሴል የሚለይ ቀለም፦ እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ የሚፈለገውን ሴል ከሌላው ለመለየት የምንቆርጠው መስመር ግምት ነው የሚሆነው። የሞተ ሴል አንቲቦዲን (ቀለሙን ተሸክሞ የሚፈለገው ሴል ላይ የሚጣበቀውን ፕሮቲን) ያለ ቦታው ይይዛልና ትክክለኛ ሴል መስሎ ይታያል።

«ጥቂት ሴል ነው የምፈልገው፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል»

ኑ አብረን እናስላ። ማሽኑ በሰከንድ 10,000 ሴል ያያል እንበል። የእናንተ ሴል ከጠቅላላው 0.1 በመቶ ከሆነ በሰከንድ 10፣ በሰዓት 36,000 ይሆናል። ግማሽ ሚሊዮን ከፈለጋችሁ ወደ 14 ሰዓት ይፈጃል፣ ያውም ምንም ሳይባክን። ፍጥነቱን ጨምሩልን የሚሉ አሉ፤ ግን ሲፈጥን ሁለት ሴል አንድ ጠብታ ውስጥ ይገባል፣ ንጽሕና ካስቀደምን ደግሞ ያ ጠብታ ይጣላል። የሚሻለው አስቀድሞ በማግኔት ቅንጣቶች የምትፈልጉትን ሴል ድርሻ በናሙናው ውስጥ ከፍ ማድረግ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ማሽኑ 100,000 ለየሁ ቢል ቱቦው ውስጥ የምታገኙት ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ለቀጣዩ ሙከራ በልኩ አታቅዱ፣ ተጨማሪ ያዙ።

«ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር ዝርዝሩ ይጨምራል»

ይህንን ከልምድ ካላቸው ሰዎችም እሰማዋለሁ። ዝርዝርን የሚወስነው የብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና የሌንሱ ኒውመሪካል አፐርቸር (ሌንሱ ምን ያህል ሰፊ የብርሃን ማዕዘን እንደሚሰበስብ የሚገልጽ ቁጥር) ነው። ኤርንስት አቤ ይህንን ገደብ ያስቀመጠው በ1873 እ.ኤ.አ. ነበር። 520 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን ይህ ቁጥሩ 1.4 በሆነ ሌንስ ሲታይ፣ ከ0.23 ማይክሮሜትር ገደማ በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች እንደ አንድ ይታያሉ። የፈለጋችሁትን ያህል ብታጎሉት የምታገኙት ትልቅ ብዥታ ነው። ገደቡን የሚያልፉ ዘዴዎች አሉ፣ ፈጣሪዎቻቸው በ2014 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል፤ ግን ዘዴዎቹ የራሳቸው የናሙና አዘገጃጀት አላቸው፣ በመጨረሻው ቀን የሚታሰቡ አይደሉም።

አብዛኞቹ ጥሩ ሌንሶች የተሠሩት ለ0.17 ሚሊሜትር መሸፈኛ መስታወት ነው። ወፍራም የፕላስቲክ ሳሕን ይዞ ለሚመጣ ሰው፣ ያንን ውድ ሌንስ ባዘጋጅለትም ምስሉ አይጠራም።

«ምስሉ ደማቅ ከሆነ ጥሩ ነው»

ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ፒክሰሉ ጣሪያ ከነካ ከዚያ በላይ ያለው ልዩነት ጠፍቷል፣ ብርሃኑን ለክቶ ማወዳደር አይቻልም። ሌዘሩን ማብዛት ደግሞ ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ሕይወት ያለውን ሴል ይጎዳል።

«ከፍዬበታለሁ፣ ስማችሁን መጥቀስ የለብኝም»

ክፍያው ለማሽኑ ሰዓት ነው። ባለሙያው ሙከራውን አብሮ ከነደፈ ወይም ውጤቱን ከተረጎመ፣ የጸሐፊነት ጉዳይ ከሥራው በፊት ይነሳ። ሌላው ቢቀር በምስጋናው ላይ ማዕከሉን ጥቀሱ፤ ያረጀ መሣሪያ እንዲተካልን ስንጠይቅ የምናሳየው ማስረጃ እሱ ነው። የሥራውን ዘዴ ስትጽፉም «በማይክሮስኮፕ ታየ» ብላችሁ አትለፉ፦ ሌንሱን፣ ሌዘሩን፣ ማጣሪያውን፣ የሶርተሩን ቀዳዳ ስፋት ጻፉ። ካላስታወሳችሁ ጠይቁን፣ አብረን እንጽፈዋለን።