ሺባልባ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንዱ ስለ አንድ ጌም ሲያወራ «ሺባልባ የማያዎች ሲኦል ነው፤ ኃጢአተኞች የሚቀጡበት» አለ። ስንተኛው ሰው እንደሆነ እንጃ። ሺባልባ ከምድር በታች ነው፣ የደምና የመግል ወንዝ አለበት፣ ጌቶቹም በሽታና ሞት ያመጣሉ። እስከዚህ ልክ ነው። ኃጢአተኞቹን ግን ከየት አመጣቸው?

ማያዎች የመካከለኛው አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ከእነሱ መካከል የጓቲማላ ቂቼዎች በ1550ዎቹ በላቲን ፊደል በጻፉት ፖፖል ቩህ የተባለ የአፈ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሺባልባ የወረደ ሰው ስለ ሥራው አይጠየቅም። የክፉ ባላባት ግቢ አስቡ። ኳስ ስትጫወቱ «ረበሻችሁኝ» ብሎ ጉጉቶች ልኮ ያስጠራችኋል። ስትደርሱ የእንጨት ምስል ጎልቶ ይጠብቃችኋል፤ ጌታው መስሏችሁ እጅ ስትነሱ ይስቅባችኋል። «ተቀመጡ» የምትባሉበት መደብ የጋለ ድንጋይ ነው። ማደሪያችሁ አንድ ሌሊት የጨለማ ቤት፣ ሌላ ሌሊት የብርድ ቤት፣ ደግሞ የጃጓር ቤት። ጥፋታችሁ? ምንም! ባላባቱ ስላሻው ነው።

ይሄ ባላባት ደግሞ ይሸወዳል። የመጽሐፉ ጀግኖች፣ መንትዮቹ ሁናፑና ሽባላንኬ፣ ትንኝ ልከው፣ እየነከሰች የጌቶቹን ስም አስለፈለፈችላቸው። መጨረሻ ላይ ሞቶ የመነሳት ትርኢት አሳዩ። ጌቶቹ ጓጉተው «እኛንም ግደሉን» አሉ። ተገደሉ፤ ማንም አላስነሳቸውም።

«ያው አንድ ነው፣ ሺባልባም ሲኦልም ያስፈራሉ» የሚለኝ አይጠፋም። አንድ አይደለም። የመንትዮቹ እናት ሽኪቅ የሺባልባ ጌታ ልጅ ናት። ዛፍ ላይ የተሰቀለው የአባታቸው የራስ ቅል እጇ ላይ እንትፍ ሲልባት ፀነሰች። ጀግኖቹ የወረዱት እናታቸው ወገኖች ዘንድ ነው። ግቢውን የኃጢአተኛ እስር ቤት ስታደርጉት ይህ ዝምድና ትርጉም ያጣል።

ማንም ባይጠይቀኝም ልጨምር። ፖፖል ቩህ የቂቼዎች እንጂ የማያ ሁሉ መጽሐፍ አይደለም፤ የማያ ቋንቋዎች ወደ 30 ይጠጋሉ። በእጃችን ያለው ቅጂም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ፍራንሲስኮ ሂሜኔዝ የተባለ የዶሚኒካን ቄስ የገለበጠው ነው። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በክርስትና ዘመን እንደሚጽፉ መግቢያው ላይ ተናግረዋል። ስለዚህ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድመውን የማያ የሸክላ ሥዕል ሁሉ በዚህ መጽሐፍ መፍታት አደጋ አለው።

ማያዎችን «የጠፋ ሕዝብ» ማለቱንም ተዉት፤ ዛሬም ሚሊዮኖች ናቸው። ብዙዎቹ ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊ ክርስቲያን ናቸው። ሎስ አንጀለስ ያደገች የቂቼ ልጅ ሽኪቅን ኮሚክ ላይ ብትስላት፣ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ብትሄድ፣ የአያቶቿን ታሪክ እየነገረች ነው እንጂ ሰይጣን እያመለከች አይደለም።