ፍላሽ ላይ ሊኑክስ ስንጭን ዊንዶውሱ ምን ነካው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም። ስለዚህ ደሴም ሂዱ ኮምቦልቻ፣ «እስቲ ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ ጭኜ ልሞክረው» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ኡቡንቱ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው። ሐሳቡ ሸጋ ነው። የላፕቶፑን ዲስክ ሳይነኩ ሌላ ሲስተም በኪስ ይዞ መዞር ማለት ነው። ጣጣው የሚመጣው ፍላሹ ሲነቀል ነው። ላፕቶፑ ይበራል፣ ዊንዶውስ ግን የለም። ጥቁር ስክሪን ላይ «ግሩብ» የሚል ጽሑፍና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ብቻ። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ይደረድራል።

«ፍላሹን ስለመረጥኩ ሁሉም ነገር ፍላሹ ላይ ይገባል»

አይገባም። ዋናው ስህተት ይኸው ነው። ሲስተሙን የሚያስነሳው ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በኡቡንቱ ግሩብ ይባላል። በዘመኑ ላፕቶፖች፣ ማለትም ዩኢኤፍአይ (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ባላቸው፣ ቡትሎደር የሚቀመጠው ኢኤፍአይ ፓርቲሽን የሚባል ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። የቆየው የኡቡንቱ መጫኛ «ቡትሎደሩን የት ላስቀምጠው?» ብሎ ይጠይቃል። ፍላሹን ትመርጣላችሁ። እሱ ግን መጀመሪያ ያገኘው ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ላይ ያስቀምጠዋል። ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የላፕቶፑ ዲስክ ላይ ያለው ነው። ጠይቆ መልሱን የማይሰማ መጫኛ! ለዓመታት የታወቀ ጉድለት ነው።

ቤቱን ኮምቦልቻ ሠርቶ ቁልፉን ደሴ እንደመተው ነው። ላፕቶፑ ውስጥ የቀረው ግሩብ ፍላሹን ሲፈልግ ያጣውና ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል። ፍላሹም ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ አይነሳም፤ ማስነሻው አብሮት የለማ።

አስተማማኙ መከላከያ ከመጫን በፊት የላፕቶፑን ዲስክ ነቅሎ ማውጣት ነው። ጥቂት ብሎን መፍታት ነው። መክፈት ካልፈለጋችሁ ጂፓርትድ በሚባለው ፕሮግራም የውስጡን ኢኤፍአይ ፓርቲሽን «ቡት» እና «ኢኤስፒ» የሚሉ ምልክቶች አንሡለት፤ ሲያልቅ መልሱለት። በሁለቱም መንገድ ፍላሹ ላይ የራሱ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን መኖር አለበት። ፎርማቱ ፋት32 ይሁን፤ 500 ሜጋባይት ከበቂ በላይ ነው።

«ዊንዶውሱ ጠፍቷል፤ ይፎርማት»

ይኼ ያናድደኛል። ጥገና ቤት ይኬዳል፣ «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ሄዷል» ይባላል፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የሠርግ ፎቶ አብሮ ይጠፋል። ዊንዶውሱ ግን ያለበት አለ። የተቀየረው የመነሻ ተራው ብቻ ነው። ተራው የሚመዘገበው ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ እንጂ ዲስኩ ላይ አይደለም።

ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ስታበሩ የቡት ሜኑ ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ከሚመጣው ዝርዝር «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር»ን ምረጡ። ከተነሳላችሁ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብታችሁ እሱን አንደኛ አድርጉት። በቃ። የቀረው የኡቡንቱ ፎልደር ጉዳት የለውም።

«ኤስዲኤ ማለት የላፕቶፑ ዲስክ ነው»

ኤስዲኤ ሊኑክስ ለዲስክ የሚሰጠው ስም ነው። የላፕቶፑ ዲስክ የነበረው ድሮ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ካለ ስሙ በ«ኤንቪኤምኢ» ይጀምራል። ያኔ ኤስዲኤ የሚባለው ፍላሽ ሊሆን ይችላል። ስሙን ትታችሁ መጠኑን እዩ።

«የአይኤስኦ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ይበቃል»

አይበቃም። አይኤስኦ መጫኛውን ሙሉ የያዘ ፋይል ነው፤ ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ፍላሹ ላይ መጻፍ አለበት። ኮፒ ብቻ የሚበቃው ፍላሹ አስቀድሞ ቬንቶይ በሚባል ፕሮግራም ከተዘጋጀ ነው። ደግሞም ሁለት ፍላሽ ያስፈልጋል፤ አንዱ መጫኛው፣ ሌላው የሚጫንበት።

«ሴኪዩር ቡት የግድ መጥፋት አለበት»

ሴኪዩር ቡት ያልታመነ ቡትሎደር እንዳይነሳ የሚከለክል ጥበቃ ነው። ኡቡንቱና ሌላው ሊኑክስ ፌዶራ ሳይጠፋም ይነሳሉ። ዝም ብሎ ማጥፋት ሌላ ጣጣ አለው። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከተቆለፈ ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁጥሩን ሳትይዙ አትንኩት።

«ሌላ ላፕቶፕ ላይ ካልተነሳ ፍላሹ ተበላሽቷል»

ላይሆን ይችላል። ላፕቶፑ የማያውቀው ፍላሽ ሲሰካበት የሚፈልገው አንድ የተወሰነ ቦታ ነው፤ ኢኤፍአይ ፓርቲሽኑ ውስጥ «ቡት» የሚባለው ፎልደር። ግሩብ እዚያ ከሌለ አያየውም። ፍላሹ ላይ ግሩብን እንደገና ስትጭኑ «ሪሙቨብል» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ እዚያው ያስቀምጠዋል።

«መብራት ስለሄደ ነው ዊንዶውሱ የጠፋው»

መብራት ላይ ማላከክ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ያጠፋል። እዚህ ላይ ግን ንጹሕ ነው። መጫኛው ግሩብን የሚያስቀምጠው መጨረሻ አካባቢ ነው። ፋይል ሲገለብጥ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ቢጠፋ፣ የሚበላሸው ፍላሹ ላይ የተጀመረው ነው። ዊንዶውሱ እንደነበረ ይነሳል።