ወንድነትና የጾታ ሚና በሞደርኒስት ልቦለድ

ሞደርኒስት የሚባለው ልቦለድ በአውሮፓና በአሜሪካ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንስቶ እስከ 2ኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ የተጻፈው ነው። ስሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወራው ስለ አጻጻፉ ነው። ታሪኩ ከዛሬ ወደ ትናንት ይዘላል፤ ተራኪው የሰው ሐሳብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ከስልቱ እኩል መወራት ያለበት ሌላም ጉዳይ አለ። እነዚህ ደራሲያን ወንድነት ማንን ምን እንደሚያስከፍል ከማንም በፊት በዚህን ያህል ቅርበት አይተዋል።

የወረሱት ዓለም የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነበር። ወንዱ ይወጣል፣ ይሠራል፣ ይዋጋል። ሴቷ ቤት ሆና ታጽናናዋለች። ይህ ሥርዓት ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በፊትም መነቃነቅ ጀምሯል፤ ሴቶች የመምረጥ መብት እየጠየቁ አደባባይ ወጥተዋል። ለውጡን ሁሉም አልወደደውም። ጣሊያናዊው ገጣሚ ማሪኔቲ ማሽንና ፍጥነትን ላወደሰው የፉቱሪዝም የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ በ1909 ባወጣው ማኒፌስቶ ጦርነትን ያወድሳል፤ ሴትን መናቅንም ከሚያወድሳቸው ነገሮች ጋር ደርድሮታል።

ከ5 ዓመት በኋላ የተመኘው ጦርነት መጣ። ወታደሩ ግን ጀግንነቱን የሚያሳይበት ሜዳ ብዙም አላገኘም። ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ የመድፍ ውርጅብኝ ይጠብቃል። የሚንቀጠቀጡ፣ አንደበታቸው የተዘጋ፣ ቁስል ሳይታይባቸው መራመድ ያቃታቸው ወንዶች ወደ ሆስፒታል ጎረፉ። ሐኪሙ ቻርልስ ማየርስ በ1915 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ እነዚህ ሕሙማን ሲጽፍ "ሼል ሾክ" (የመድፍ ድንጋጤ) የሚለውን ስያሜ ተጠቀመ። ብዙ ሰው ግን ፈሪዎች ናቸው ብሎ ደመደመ።

ይህን ነገር እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዎልፍ በ1925 በታተመው "ሚስስ ዳሎዌይ" ውስጥ ያሳየችው አንጀት ይበላል። ሴፕቲመስ ስሚዝ ግጥም የሚወድ ወጣት ነው። የመሥሪያ ቤት አለቃው ጠንከር እንዲል እግር ኳስ ይመክረዋል። ጦርነቱ ሲነሳ በፈቃዳቸው ከዘመቱት ቀዳሚዎች አንዱ ይሆናል። ምሽግ ውስጥ አለቃው የተመኘለትን ወንድነት ያገኛል፤ ማዕረግም ይጨመርለታል። የቅርብ ጓደኛው ኢቫንስ ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ይሞታል። ሴፕቲመስ ብዙም ሐዘን ስላልተሰማው በራሱ ይኮራል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው፤ ምንም ነገር ሊሰማው አልቻለም። ዶክተር ሆልምስ ምንም አልሆንክም እያለ ይመላለሳል። በመጨረሻ ሐኪሙ በግድ ሊገባበት ሲል ሴፕቲመስ በመስኮት ራሱን ይወረውራል። ሆልምስ የሚጮኸው "ፈሪ!" ብሎ ነው። ለሹመት ያበቃው ጥንካሬ ራሱ እንዳሳመመው ሐኪሙ አንዴም አልገባውም።

ዎልፍ ከ2 ዓመት በኋላ ባሳተመችው "ወደ መብራት ማማው" ደግሞ ጦር ሜዳ ሳይረግጥ የሚጨነቅ ወንድ አለ። ሚስተር ራምሴ ፈላስፋ ነው። የሰው ልጅ ዕውቀት እንደ እንግሊዝኛ ፊደል ከ"ኤ" እስከ "ዜድ" ቢደረደር እሱ "ኪው" ላይ ደርሷል፤ "አር" ግን አልተገፋለትም። ይህን ጭንቀት ተሸክሞ ሚስቱ ዘንድ ይሄዳል። እሷም አጽናንታ፣ አበርትታ ትመልሰዋለች፤ እሱ ሲነሳ እሷ ዝላለች። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ያንኑ ማጽናናት ከሠዓሊዋ ሊሊ ብሪስኮ ይፈልጋል። ሊሊ ደግሞ ሴት መሳልም መጻፍም አትችልም ሲባል የሰማች ሴት ናት። ከንፈር መምጠጡ አልመጣላትም። ሲጨንቃት "እንዴት የሚያምር ቦት ጫማ ነው!" ትለዋለች። ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ ፊቱ ይፈካል። ጎንበስ ብሎ የጫማ ማሰሪያ አቋጠር ያሳያታል። ሊሊ የምታዝንለት ያኔ ነው። ግዴታው ሲነሳላት ርኅራኄው በራሱ ጊዜ መጣ። ዎልፍ በ1929 ባሳተመችው "የራስ የሆነ ክፍል" ሐሳቡን በግልጽ አስቀምጣዋለች፤ ሴቶች ለዘመናት ወንድን ከመጠኑ እጥፍ አድርጎ የሚያሳይ መስታወት ሆነው አገልግለዋል።

አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ በ1926 ያሳተመው "ፀሐይም ትወጣለች" ብዙውን ጊዜ የጠንካራ ወንዶች መጽሐፍ ተደርጎ ይነሳል። ዋና ገጸ ባሕርዩ ጄክ ባርንስ ግን ጦርነቱ ላይ በደረሰበት ቁስል ከሚወዳት ሴት ጋር ግንኙነት መፈጸም አይችልም። ሴትዮዋ ብሬት ፀጉሯን እንደ ወንድ ልጅ ተቆርጣለች፤ የመረጠችውን ሰው የምትይዘውም የምትተወውም እሷ ናት። ጄክ ቀን ቀን ጥርሱን ነክሶ መዋል ይችልበታል፤ ሌሊት ግን ያለቅሳል። ብሬትን የሚወዳት ሌላው ወንድ ሮበርት ኮን ሐዘኑን መደበቅ ስላቃተው ሌሎቹ ወንዶች መሳቂያ ያደርጉታል። ያው ሕመም ነው፤ የሚለያያቸው መደበቅ መቻልና አለመቻል ነው።

የአየርላንዳዊው ጄምስ ጆይስ "ዩሊሲስ" (1922) ለየት ያለ መንገድ ይይዛል። ሊዮፖልድ ብሉም ለሚስቱ ቁርስ ሠርቶ አልጋዋ ድረስ ያቀርባል። መጠጥ ቤት ውስጥ አንድ ፎካሪ ሲያበሻቅጠው ጥላቻ ሕይወት አይደለም ብሎ ይመልሳል፤ ሲወጣ የብስኩት ቆርቆሮ ይወረወርበታል። የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚስቱ የሞሊ ሐሳብ ነው። ለእኔ በዚያ ዘመን ከተፈጠሩት ወንዶች ሁሉ የሚያስቀናው ብሉም ነው፤ ለማንም ምንም ለማረጋገጥ አይሯሯጥም።

በተቃራኒው እንግሊዛዊው ደራሲ ዲ. ኤች. ሎውረንስ "የሌዲ ቻተርሊ ውሽማ" (1928) ውስጥ ጦርነቱ ሽባ ያደረገውን ባል በጤነኛ ሰውነት ይተካዋል። ሴቷን ነፃ የሚያወጣት አሁንም የወንድ ጉልበት ነው። አሜሪካዊቷ ፌሚኒስት ኬት ሚሌት በ1970 ባሳተመችው ጥናት በዚህ አብጠርጥራ ተችታዋለች፤ ትችቷም ውኃ የሚያነሳ ነው።

በወንዶች መካከል ያለ ፍቅርን በግልጽ ጽፎ ማሳተም ግን ቀላል አልነበረም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር ይህን ፍቅር የሚተርከውን "ሞሪስ"ን በ1913 እና 1914 ጽፎ መሳቢያ ውስጥ አኖረው። የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1971 ነው። የሄሚንግዌይም "የኤደን ገነት" ደራሲው ከሞተ 25 ዓመት ቆይቶ በ1986 ወጣ። እዚያ ውስጥ ባልና ሚስት ፀጉራቸውን አንድ ዓይነት ይቆረጣሉ፤ አልጋ ላይ ሚና ይለዋወጣሉ። ብዙ ሐያስያን ጄክ ባርንስን እንደ አዲስ ያነበቡት ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ነው።