ትኩሳትና ሃይፐርተርሚያ ምንና ምን ናቸው?

የታማሚው ሙቀት 39 ዲግሪ ደርሷል። እሱ ግን ጥርሱ እየተንገጫገጨ «በረደኝ፣ ብርድ ልብስ ደርቡልኝ» ይላል። ተማሪ ሳለሁ ይሄ ነገር ጨርሶ አይገባኝም ነበር።

ቁልፉ ያለው አንጎል ውስጥ ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የሰውነትን ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይጠብቃል። ኢንፌክሽን ሲገባ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ይመረትና ይህን ልክ ከፍ ያደርገዋል፤ 40 እንበል። አሁን 39 ላይ ያለው ሰውነት ለአንጎሉ ገና ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። ፓራሲታሞል የፕሮስታግላንዲንን ምርት ስለሚቀንስ ልኩ ይወርዳል። ያኔ ታማሚው ላብ በላብ ይሆናል፤ ብርድ ልብሱንም ራሱ ይገፈዋል።

ሃይፐርተርሚያ ሌላ ነው። በኃይለኛ ሙቀት የተመታ ሰው ልኩ አልተነካም፤ ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶት ነው የጋለው። እዚህ ላይ ፓራሲታሞል አይፈይድም፤ የሚያወርደው ልክ የለማ! መፍትሔው ሰውየውን ከውጭ ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው።

ቴርሞሜትር ሁለቱን አይለይም፤ 40 ያው 40 ነው። ሰውየው የት እንደነበረ፣ ምን ሲሠራ እንደነበረ መጠየቅ ግን ብዙ ይናገራል።